የወላጅ ወንበር ከየት መጣ?

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ፋታ ስታገኙ አንብቡት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከዚህ ከካምፓላ ወጥተው አሜሪካ የገቡ እናቶች ደጋግመው የሚያነሱብኝ ነገር አለ። ልጃቸው ኦቲዝም ወይም ሌላ የእድገት ችግር ካለበት ትምህርት ቤቱ ለስብሰባ ይጠራቸዋል። አምስት ስድስት ሰው ጠረጴዛ ከቦ ይጠብቃቸዋል። ወረቀት ይቀርባል፣ ይፈረማል፣ ወደ ቤት ይኬዳል። "እኔን የጠሩኝ ለወጉ ነው እንጂ እነሱ ጨርሰውታል" ይሉኛል። ለወጉ አይደለም። ያ ወንበር በክስ የተገኘ ነው፤ ከሳሾቹም ወላጆች ነበሩ።

እስከ 1971 ድረስ በፔንስልቬንያ ግዛት ትምህርት ቤት ልጅ እንዲመልስ ሕጉ ራሱ ይፈቅድለት ነበር። "የአእምሮ ዕድሜው አምስት ዓመት አልሞላም" ከተባለ አለቀ፤ ልጁ ቤት ይውላል፣ አለዚያም ፔንኸርስትን ወደመሰለ ትልቅ የመንግሥት ማቆያ ይገባል። የፔንኸርስትን ገበና በ1968 አንድ የፊላደልፊያ ቴሌቪዥን ጣቢያ አውጥቶት አገር ጉድ ብሏል። ወላጆቹ ማኅበር ያቋቋሙት ግን ከዚያ በፊት፣ በ1949 ነው። (በማኅበሩ ስም ውስጥ ዛሬ ስድብ የሆነ ቃል ነበረበት። እኛስ "ዘገምተኛ" ማለት መቼ ነው የምንተወው?) እነዚህ ወላጆች በ1971 ግዛቱን ከሰሱ። ጠበቃቸው ቶማስ ጊልሁል የነገሩን ምሬት የሚያውቀው ከመጽሐፍ አልነበረም፤ የገዛ ወንድሙ ፔንኸርስት ኖሯል።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። መጀመሪያ ያገኙት ነገር ክፍልም መምህርም አልነበረም። በዚያው ዓመት ጁን ላይ የተስማሙት፣ ለወላጅ አስቀድሞ ሳይነገረውና ቃሉን የሚያሰማበት ዕድል ሳይሰጠው ማንም ልጅ ከትምህርት ቤት እንዳይከለከል፣ ከነበረበትም እንዳይዛወር ነው። ግዛቱ እነዚህን ልጆች በነጻ ሊያስተምር የተስማማው ከዚያ በኋላ፣ ኦክቶበር ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ ለእኔ ብዙ ይናገራል። የመደመጥ መብት ከመማር መብት ቀድሞ በወረቀት ሰፈረ።

በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ዘመዶቻችን በብዛት በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ ሌላ ፍርድ ተሰጠ። በሰባት ልጆች ስም ክስ ቀርቦ፣ የከተማው ትምህርት ቦርድ "ገንዘብ የለንም" ብሎ ተከራከረ። ዳኛው ገንዘብ ካጠረ እጥረቱ ሁሉም ላይ ይድረስ እንጂ አካል ጉዳት ባለባቸው ልጆች ላይ ብቻ አይጫንም አሉ። ይህን "በጀት የለም" መልስ እዚህም በየቢሮው ሰምተነዋል፤ ፍርዱን የምወደው ለዚህ ነው።

በ1975 ነገሩ የአገር ሕግ ሆነ። ኮንግረሱ ያኔ የጻፈው ቁጥር ያስደነግጣል፦ ከ8 ሚሊዮን በላይ አካል ጉዳት ካለባቸው ልጆች 1 ሚሊዮኑ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ጭራሽ ውጭ ነበሩ። ሕጉ ለእያንዳንዱ ልጅ የግል እቅድ እንዲወጣ አዘዘ፤ ዘመዶቻችን አይ ኢ ፒ የሚሉት እሱ ነው። በስብሰባው ላይ ወላጅ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ አባል ይቀመጣል። እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ የእቅዱም ቅጂ በነጻ ይሰጣል። ስለዚህ እህቴ፣ ያልገባሽን ወረቀት አትፈርሚ፤ አስተርጓሚ አምጡልኝ በይ። ታላቅ ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊው፤ ስለ ወንድሙ ክፉ ክፉውን እንዲተረጉም መፍረድ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ሌላ ነው። በዚሁ ሕግ እያንዳንዱ ግዛት በልዩ ፍላጎት ትምህርት ላይ አማካሪ ጉባኤ ሊኖረው ይገባል፤ ከአባላቱም አብዛኞቹ አካል ጉዳተኞች ወይም የአካል ጉዳተኛ ልጆች ወላጆች መሆን አለባቸው። ይህ እንግዲህ ስለራስ ልጅ ከመናገር አልፎ፣ አገልግሎቱ ምን ይጎድለዋል በሚለው ላይ ድምፅ ማግኘት ነው።

"የአሜሪካ ወሬ ለእኛ ምናችን ነው?" የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ወደ አገራችን ልመለስ። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ እንደኛው ከአገር ወጥተው ጣሊያንና አሜሪካ የኖሩ፣ ኋላ አዲስ አበባ ተመልሰው የውበት ሙያ ማሰልጠኛ የከፈቱ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ጆጆ ኦቲዝም አለበት፤ ትምህርት ቤቶች እየመለሱባቸው ተቸገሩ። በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በፊደላችን ድምፆች ልጆችን ንግግር የሚያስተምር፣ አቡጊዳ ፎነቲክስ ያሉትን ዘዴም አወጡ። እንዲህ ያለ ልጅ እንደ እርግማን ተቆጥሮ ጓዳ በሚደበቅበት አገር፣ በአደባባይ "ልጄ ኦቲዝም አለበት" ማለታቸው ብቻ ስንቱን እናት ከጓዳ አወጣ! በ2021 ዐረፉ፤ ነፍስ ይማር። ቅር የሚለኝ ያ ሁሉ ሸክም በአንዲት እናት ትከሻ ላይ መውደቁ ነው። የፔንስልቬንያዎቹ ያስጻፉት ግዴታ ግን እነሱ ከሌሉም በኋላ ይሠራል።

ኡጋንዳስ? እዚህ ከምናስበው በላይ የተጻፈ ነገር አለ። በ1997 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ነጻ ሲደረግ መጀመሪያ ለአንድ ቤተሰብ አራት ልጅ ብቻ ተፈቅዶ ነበር፤ አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ግን ከአራቱ ቅድሚያ እንዲያገኝ ተባለ። ገደቡ በኋላ ተነሳ። በዚያው ዓመት የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ደግሞ በየዲስትሪክቱ ምክር ቤት ለአካል ጉዳተኞች ሁለት ወንበር ሰጠ፤ አንዱ የሴት ነው። የ2006ቱ የስደተኞች ሕግም የስደተኛ ልጅ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከዜጋ ልጅ እኩል እንዲታይ ይላል።

እኛ ዜጋ አይደለንም፣ ለዚያ ምክር ቤት አንመርጥም። ያም ሆኖ ተመራጮቹ ቢሮ አላቸው፤ ሄዶ ማስረዳትን የከለከለ የለም። በሰፈራዎቹ ያላችሁም ራሳችሁ የምትመርጡት የስደተኞች ምክር ቤት አላችሁ። ስብሰባው ስለ ራሽንና ስለ ሪሴትልመንት ሲነጋገር ይመሻል፤ ቤት የተዘጋበት ልጅ ጉዳይ አጀንዳ ሆኖ ሲቀርብ እኔ አልሰማሁም። መስማት የተሳነው ወይም ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ራሱ ቆሞ ይከራከር ይሆናል። መናገር ለማይችል የስምንት ዓመት ልጅ ግን ከእናት ከአባቱ በቀር ማን ይናገርለታል?

እስካሁን በካምፓላ አራት ቤተሰብ ተገናኝተናል። በመጀመሪያ የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ ትምህርት ቤቱ ልጅ ሲመልስ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጠን። መምጣት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የልጁን ስምና ፎቶ አትላኩ፤ ዕድሜውን፣ የምትኖሩበትን ሰፈርና ስንት ትምህርት ቤት እንደመለሰው ብቻ ንገሩኝ።