ስለ መስተዋት ዕቃና ስለ ምስክርነት

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ አንድ ዕቃ በእጅህ ሲገባ፣ ስለ እርሱ ከመናገርህ አስቀድሞ ዕቃው ራሱ የሚናገረውን ማድመጥ ይገባሃል። ይህን ምክር የምሰጥህ ከመጽሐፍ ቃርሜ አይደለም። ባልተጠነቀቀ አንደበቴ እናቴንና አክስቴን ካቀያየምሁ በኋላ የተማርሁት ስለ ሆነ ነው እንጂ።

አገሬ ከላላ ነው። አያቴ በወጣትነቷ አዲስ አበባ ኖራ ስትመለስ በገለባ ጠቅልላ ያመጣችው አረንጓዴ የመስተዋት ዕቃ ነበራት። እርሱም አንድ ሞላላ ትሪ፣ ሁለት የሻማ መቅረዞች፣ ክዳን ያለው ክብ ሙዳይ፣ ደግሞም ከመካከሉ እንደ ጣት ያለ ነገር የቆመበት ትንሽ ሳሕን ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ በአውሮፓ ሴቶች የመኳኳያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነበር። ትሪው ሌላውን ሁሉ ይይዛል፤ በሙዳዩ የፊት ዱቄት ይኖርበታል፤ በቆመው ጣት ላይ ደግሞ ማታ ቀለበት ይሰካበታል። አያቴ ግን በሙዳዩ የጠጕር ቅቤ ታኖርበት፣ በጣቱም ላይ የሣጥኗን ቍልፍ ታንጠለጥልበት ነበር።

አያቴ ባረፈች ጊዜ የመስተዋቱ ዕቃ ለአክስቴ፣ አንዲት ጊደርና የብር ድሪ ለእናቴ ደረሰ። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ተመራርቀው ተለያዩ። እኔ በዚያን ዘመን አዲስ አበባ ተማሪ ነበርሁ። ለክረምት ዕረፍት ስገባ አክስቴ ዕቃውን አውጥታ አሳየችኝ። ሙዳዩን ወደ ፀሐይ አንሥቼ አገላበጥሁና፣ «እትዬ፣ ይህ እኮ ክሪስታል ነው! ጌጡ ሁሉ በእጅ የተቀረጸ ነው። አዲስ አበባ ቢወስዱት ጥንድ በሬ ይገዛልዎታል» አልኋት። ምን አውቄ ነበር? ምንም አላወቅሁም። አዋቂ መባልን ብቻ ፈልጌ ነበር።

ካፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ነገሩ ሳይመሽ ከእናቴ ጆሮ ደረሰ። እናቴ ክፍያው አልተስተካከለም አለች። አክስቴም «ጊደሯን መርጠሽ የወሰድሽው አንቺው ነሽ» ብላ መለሰች። ሽማግሌ ቢገባም አልበረደም። አንድ ቀን በጭቅጭቅ መካከል ከመቅረዞቹ አንዱ ወድቆ ተሰበረ። ሁለት ዓመት ሙሉ እኅትማማቾቹ ቡና ሳይጠራሩ ኖሩ።

ከዚህ በኋላ አንድ ቀን መርካቶ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ሱቅ ገብቼ የእኛን ሙዳይ የሚመስል ዕቃ አየሁ። «ክሪስታል ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው ሳቁና፣ «ልጄ፣ ጥፍርህን በጎኑ አስኪደው» አሉኝ። ባስኬደው ጊዜ ከላይ እስከ ታች የወረደ እንደ ክር የቀጠነ ስንጥቅ መሰል መሥመር ጥፍሬን ያዘው። የዕቃው የልደት ምስክር ወረቀት ያ መሥመር ነበር። እኔም ከዚያ ወዲህ ታሪኩን መመርመር ጀመርሁ።

መስተዋት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዓመት አንድ ከግብፅ የተነሣ የግሪክ ቋንቋ ጸሐፊ ስለ ቀይ ባሕር ንግድ ሲጽፍ፣ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ልዩ ልዩ የመስተዋት ዓይነት ቈጥሯል። ከነዚህም አንዱ ሙሪን የሚባለውን የከበረ ድንጋይ አስመስሎ የተሠራ ነው ይባላል። እንግዲህ ውዱን ነገር በርካሽ አስመስሎ መሥራት የዛሬ ፈሊጥ አለመሆኑን ልብ በል።

ለብዙ ዘመን ዕቃው የሚሠራው የቀለጠውን መስተዋት በቧንቧ በአፍ በመንፋት ነበር። ጌጥ ሲፈለግበት ሠራተኛው በሚሽከረከር ድንጋይ እየሞረደ ይቀርጸው ነበር፤ ይህም ብዙ ድካም ስላለበት የሀብታም ቤት ዕቃ ሆኖ ቀረ። በ1820ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ግን በአሜሪካ የጋለውን መስተዋት በብረት ቅርጽ ውስጥ ጨምሮ በላዩ በብረት መጫን ተጀመረ፤ የመሳቢያ እጀታ በዚህ መንገድ ለመሥራት በ1825 የፈጠራ መብት ተሰጥቷል። አንድ ቅርጽ ከተበጀ በኋላ ሺሕ አንድ ዓይነት ዕቃ ይወጣዋል። በዚህ ጥበብ ቀድሞ የጌታ ቤት የነበረው ጌጥ በድኻም ቤት ገባ። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ዓመታት በእንግሊዝ፣ በጀርመንና በቼኮስሎቫኪያ ያሉ ፋብሪካዎች የመኳኳያ ዕቃውን በአረንጓዴ፣ በሮዝና በሰማያዊ ቀለም እያወጡ ለዓለም ሸጡት።

አሁን መለያውን ልንገርህ። አንደኛ፣ ብረቱ ቅርጽ ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክፍል የተገጠመ ስለ ሆነ መጋጠሚያው በዕቃው ጎን ክር ይተዋል። ሁለተኛ፣ በእጅ የተቀረጸ ጌጥ ጠርዙ ስለታም ነው፤ ተጭኖ የተሠራው ግን ለስለስና ደብዘዝ ይላል። ሦስተኛ፣ በቅርጽ ውስጥ በትንፋሽ የተነፋ ዕቃ ውስጡም የውጭውን ጌጥ ተከትሎ ይጐረብጣል፤ ተጭኖ የተሠራው ውስጡ ልሙጥ ነው። አራተኛ፣ በታቹ ምልክት ፈልግ። በእንግሊዝ ከ1842 እስከ 1883 የተመዘገበ ንድፍ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ምልክት ይደረግበት ነበር፤ ከ1884 ወዲህ ቍጥር ይጻፍበታል። በጌትስሄድ ከተማ የነበረው የሳወርቢ ፋብሪካ ደግሞ ከ1876 ጀምሮ የጣዎስ ራስ ያትምበት ነበር። ይሁን እንጂ ቍጥሩ ንድፉ የተመዘገበበትን ዘመን እንጂ ዕቃው የተሠራበትን ቀን አይነግርህም። አምስተኛ፣ ሐሰተኛ የብር ኖት በሚለዩበት ሐምራዊ መብራት ሥር ብሩህ አረንጓዴ ቢፈካ ዩራኒየም አለበት ማለት ነው። ያም ቢሆን ለዕድሜው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ እንዲህ ያለው መስተዋት ኋላም ተሠርቷልና። በመጨረሻም ክዳኑ ከአፉ ጋር መግጠሙን፣ የሁሉም ቀለም በቀን ብርሃን አንድ መሆኑን አስተውል፤ ከልዩ ልዩ ቤት ተለቃቅሞ እንደ አንድ ቤተ ሰብ የሚሸጥ ብዙ ነውና።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ዝም ማለት ይቻለኝ ነበር፤ ነገር ግን ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ። በሚቀጥለው ክረምት ከላላ ገባሁና እናቴን ለምኜ ወደ አክስቴ ቤት ይዣት ሄድሁ። በሁለቱ ፊት ሙዳዩን አንሥቼ፣ «ያን ጊዜ የተናገርሁት ውሸት ነው። ይህ በመኪና ተጭኖ የተሠራ ነው፤ ጥንድ በሬ ይቅርና አንድ በግም አይገዛ ይሆናል። ማሩኝ» አልሁ። የሁለቱንም አውራ ጣት ተራ በተራ ይዤ በክሩ ላይ አስኬድሁ።

አክስቴ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ክሩን ስትዳስስ ቆየችና፣ «ይቺን ክር ነው ሁለት ዓመት መሻገር ያቃተን?» አለች። እናቴ መልስ አልሰጠችም፤ ተነሥታ እሳቱን ቈሰቈሰች፤ ቡናውንም ራሷ መቍላት ጀመረች።

ቡናው ሲፈላ አክስቴ፣ «ታዲያ የማን አገር ሰው ሠራው?» ስትል ጠየቀችኝ። ገልብጬ አየሁት፤ ምልክት የለበትም። «አላውቅም» አልኋት። በዚያ ቤት አላውቅም ስል ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ዛሬ ሙዳዩ በእናቴ ቤት፣ ትሪው በአክስቴ ቤት ይገኛል። የተሰበረው መቅረዝ ግን አልተጠገነም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው ተረት እውነት ነው፤ ዳሩ ግን እስኪጠራ ድረስ በጨለማው የሚሰበር ዕቃ አለ። ስለዚህ ወጣት ሆይ፤ ለመመስከር ስትጠራ በመጀመሪያ ጥፍርህን በነገሩ ጎን አስኪደው፤ ክሩን ካላገኘኸው አላውቅም በል።