የጥንዶች ምክር ይረዳል? ማንን? በየትኛው ቋንቋ?



በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ከምትጠይቁኝ ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ «ዶክተር፣ ከባለቤቴ ጋር ሰላም አጥተናል። የጥንዶች ምክር የሚባለው ነገር እውነት ይረዳል ወይስ ጊዜና ገንዘብ ማባከን ነው?» በውጭ አገር የምትኖሩት ደግሞ ትጨምራላችሁ፦ «ምክሩ የሚሰጠው በእነሱ ቋንቋ ነው። የቤቴን ገመና በሰው ቋንቋ እንዴት አድርጌ ነው የማወራው?»

ሁለቱም የጤና ጥያቄዎች ናቸው። «እንቅልፍ አጣሁ፣ ራሴን ያመኛል፣ ደረቴን ይጨንቀኛል» ብሎ የመጣ ሰው ተረጋግቶ ሲያወራ፣ ከሕመሙ ጀርባ ወራት ያስቆጠረ ኩርፊያ ብቅ የሚልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሆዱን የሚያመው ሕፃንም አንዳንዴ የሚያመው የወላጆቹ ጠብ ነው።

ስለዚህ ዛሬ መልሱን በታሪክ ልንገራችሁ። ታሪኩ የአሜሪካ ነው፤ ባለታሪኮቹም በአብዛኛው ስፓኒሽ ተናጋሪ ቤተሰቦች ናቸው። እነሱን የመረጥኩት በሰው አገር የሚኖር ቤተሰብ በራሱ ቋንቋና ባህል ቢታከም ምን ለውጥ ያመጣል የሚለው ጥያቄ ከእነሱ ጋር ለረጅም ጊዜ ስለተፈተነ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

📌 መጀመሪያ የሚታከመው ማን ነበር?

በአሜሪካ የትዳር ምክር ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ብቅ ያለው በ1930 አካባቢ ነው። በዚያ ዓመት ፖል ፖፔኖ የተባለ ሰው በሎስ አንጀለስ የቤተሰብ ግንኙነት ተቋም ከፈተ። ከ1953 ጀምሮ በአንድ ታዋቂ የሴቶች መጽሔት ላይ «ይህ ትዳር ሊድን ይችላል?» በሚል ርዕስ የሚወጣው አምድ ስሙን በየቤቱ አስገባው።

ይህ ሰው ግን ሐኪም አልነበረም። ከዚያ በፊት የሚታወቀው «ዘር ማሻሻል» በሚባለው እንቅስቃሴ ነው። «ለመውለድ ብቁ አይደሉም» የተባሉ ሰዎች እንዲመክኑ የሚያደርገውን የካሊፎርኒያ ሕግ በመጽሐፍ ደግፏል። ከብዙ ዓመታት በኋላ መዝገቦቹን የመረመሩ ተመራማሪዎች፣ በዚያ ሕግ ከመከኑት መካከል የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ከቁጥራቸው በላይ እንደነበሩ አሳይተዋል።

ይህን የምነግራችሁ ምክርን እንድትጠሉ አይደለም። የዛሬው ምክር የዚያን ሰው ሐሳብ ጥሎ ሄዷል። ነገር ግን «የማን ትዳር ይዳን?» የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ነበር። ስፓኒሽ ተናጋሪው ቤተሰብ ሊረዱት ከሚገቡት ውስጥ አልተቆጠረም።

📌 ከአርጀንቲና የመጣው ሐኪም

ነገሩን ከለወጡት ሰዎች አንዱ ሳልቫዶር ሚኑቺን ነው። በ1921 በአርጀንቲና የተወለደ፣ ስፓኒሽ ተናጋሪ የሆነ የአእምሮ ሐኪም ነበር። በ1960ዎቹ ኒውዮርክ አቅራቢያ ችግር ውስጥ የገቡ ልጆች በሚያድጉበት አንድ ተቋም ሠራ። ከልጆቹ ብዙዎቹ ጥቁሮችና የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች ነበሩ።

ሚኑቺንና ባልደረቦቹ ያዩት ነገር ለእናንተ አዲስ ላይሆን ይችላል። ልጁ በተቋሙ ውስጥ ይሻለዋል፤ ቤቱ ሲመለስ ያገረሽበታል። ስለዚህ ልጁን ብቻውን ማነጋገር ትተው መላውን ቤተሰብ አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጡ። ማን ከማን ጋር ያብራል? እናትና አባት ሲጣሉ ልጁ መሃል የሚገባው ለምንድን ነው? ይህ ሥራ በ1967 በመጽሐፍ ወጣ፤ ድሃና ስደተኛ ቤተሰቦችም መታከም እንደሚችሉ ዓለም እንዲያይ አደረገ።

📌 ማያሚ፦ ልጁ ዳነ፣ ቤቱስ?

በ1959 ከኩባ አብዮት በኋላ ብዙ ኩባውያን ወደ ማያሚ ተሰደዱ። ልጆቹ እንግሊዝኛውንና የአገሩን ጠባይ ቶሎ ለመዱ፤ ወላጆቹ ወደኋላ ቀሩ። ከዚያ አባት «አክብሮት ጠፋ» ይላል፤ ልጅ «አይገባችሁም» ይላል፤ ባልና ሚስት ደግሞ «አንተ ነህ ያበላሸኸው፣ አንቺ ነሽ ያባለግሽው» ይባባላሉ። በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም ወይም በቴል አቪቭ የምትኖሩ ወላጆች ይህን ስታነቡ ፈገግ ሳትሉ አትቀሩም።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሆሴ ሳፖችኒክና ባልደረቦቹ በዚያች ከተማ ለእነዚህ ቤተሰቦች የሚሆን ማዕከል መሥርተው ሕክምናውን በቋንቋቸውና በባህላቸው ማዘጋጀት ጀመሩ። በ1989 ደግሞ ትልቅ ትምህርት የሰጠ ጥናት አወጡ። የጠባይ ችግር ያለባቸውን 69 የላቲኖ ወንዶች ልጆች በዕጣ በሦስት መደቡ። አንደኛው ቡድን የቤተሰብ ሕክምና፣ ሁለተኛው ልጁ ብቻውን የሚታይበት ሕክምና፣ ሦስተኛው የመዝናኛ ጊዜ ብቻ አገኘ።

ሁለቱም ሕክምናዎች ልጆቹን ረዱ። ነገር ግን ከአንድ ዓመት በኋላ ቤተሰቡ ራሱ ሲለካ ልዩነቱ ታየ። ከቤተሰቡ ጋር የታከሙት ልጆች ቤት ተሻሽሎ ነበር፤ ልጁ ብቻውን በታከመበት ቤት ግን የቤተሰቡ ግንኙነት ከቀድሞው ብሶ ተገኘ።

ይህን ያወቁት ሁለት ነገር ስላደረጉ ነው፦ በዕጣ መደቡ፣ ከልጁ አልፈውም ቤቱን ለኩ።

📌 «ተሻለን» ማለት ለምን አይበቃም?

ጉንፋን የያዘው ሰው በሳምንቱ ሲሻለው ምስጋናውን ለጠጣው ዝንጅብል ይሰጣል። ሳይጠጣም ይሻለው ነበር። ትዳርም እንደዚሁ ነው። ሰዎች ምክር የሚፈልጉት ነገሩ በከፋበት ሰሞን ነው፤ ከዚያ በኋላ አንዳንዱ ጠብ በራሱ ይበርዳል። ስለዚህ ምክሩ እንደረዳ የምናውቀው ምክር ካላገኙ ወይም ወረፋ ከሚጠብቁ ተመሳሳይ ጥንዶች ጋር ስናነጻጽረው ብቻ ነው።

በ1977 ኒል ጃኮብሰን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን በ10 ባለትዳሮች ጀመረ። በ1984 ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር የተለያዩ ጥናቶችን ውጤት ሰብስቦ እንደገና ቆጠረ። መልሱ ልብ የሚሞላ አልነበረም። ከጥንዶቹ ከግማሽ ትንሽ የሚበልጡት ተሻሽለዋል፤ ከችግር ወጥተው እንደ ማንኛውም ደህና ባለትዳር የሆኑት ግን ሲሦ ያህሉ ብቻ ናቸው። የራሱን ሙያ ድክመት በአደባባይ መናገሩ ያስመሰግነዋል።

ከዚያም ከአንድሩ ክሪስቴንሰን ጋር አዲስ መንገድ ቀየሱ። የሚለወጠውን መለወጥ፣ የማይለወጠውን ልዩነት ደግሞ ያለ ጥላቻ መቀበል። በ2004 በወጣው ጥናት በሎስ አንጀለስና በሲያትል በቆየ ጠብ ውስጥ ያሉ 134 ባለትዳሮችን ይዘው ይህን አዲሱን መንገድ ከነባሩ ጋር አወዳደሩ። በሕክምናው ማብቂያ በአዲሱ 71 ከመቶ፣ በነባሩ 59 ከመቶ ጥንዶች ተሻሽለው ነበር። ከ5 ዓመት በኋላ ልዩነቱ ጠቦ፣ በሁለቱም ወገን ግማሽ ያህሉ እንደተሻሻሉ ቀጠሉ፤ ሩብ ወይም ትንሽ የሚበልጡት ተለያዩ።

ጥሩ ውጤት ነው። ግን ወደ ጥናቱ ለመግባት ከተቀመጡት መስፈርቶች አንዱ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ መናገር ነበር። ሎስ አንጀለስን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ስፓኒሽ በየመንገዱ የሚነገርባት ከተማ ናት። ለእነዚያ ጥንዶች መልሱ «አይረዳም» አልነበረም፤ የጠየቃቸው አልነበረም።

📌 መጠይቁን መተርጎም ብቻ ይበቃል?

የትዳርን ጤና የምንለካው በመጠይቅ ነው። በ1976 የወጣው አንድ ታዋቂ መጠይቅ 32 ጥያቄዎች አሉት፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 151 ይደርሳል። ተመራማሪዎች ብዙውን ጊዜ ከ97 ወይም ከ98 በታች ያገኘውን «በችግር ላይ ያለ» ይሉታል።

እስቲ ይህን ወደ ስፓኒሽ መልሱት። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል «ፍቅር» የሚለውን ስፓኒሽ «ቴ ኪዬሮ» እና «ቴ አሞ» ብሎ ይለየዋል። እንደ እኛ «አንተ» እና «እርስዎ» ሁሉ ስፓኒሽም «ቱ» እና «ኡስቴድ» አለው። በኮሎምቢያ ደጋማ አካባቢዎች ባልና ሚስት በፍቅር «ኡስቴድ» ይባባላሉ። ይህን የማያውቅ አማካሪ «ተራርቀዋል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ባሏን «አንቱ» የምትል የገጠር እናታችንን ያየ የውጭ ሰውም እንደዚሁ ይሳሳት ነበር።

ለዚህ ነው ተመራማሪዎች አንዱ የተረጎመውን ሌላው ወደ ኋላ እየመለሰ የሚያመሳክርበትን ዘዴ የሚጠቀሙት። በ2000 ለስፓኒሽ ተናጋሪዎች የተተረጎመ አንድ የትዳር እርካታ መጠይቅ በሜክሲኮ አሜሪካውያን ላይ ተፈትኖ አስተማማኝነቱ ተመዝግቧል። የፖርቶ ሪኮው ጊዬርሞ በርናልና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1995 ቋንቋ ብቻውን እንደማይበቃ ጻፉ። ሰውየው ራሱ፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩ፣ ዕሴቱ፣ የሕክምናው ግብ፣ የኑሮው ሁኔታ ሁሉ መታየት አለባቸው።

📌 ታዲያ ቁጥሩ ምን አለ?

በ2006 የወጣ አንድ ትልቅ ትንታኔ በባህል የተስማሙ የአእምሮ ጤና ሕክምናዎችን የሚመለከቱ 76 ጥናቶችን አንድ ላይ መዘነ። በሰውየው በራሱ ቋንቋ የተሰጠው ሕክምና በእንግሊዝኛ ከተሰጠው በእጥፍ የበለጠ ውጤት ነበረው። ይህ ለጥንዶች ብቻ የተሠራ ጥናት አይደለም፤ አቅጣጫውን ግን ያሳያል።

ቋንቋ ግን ተአምር አይሠራም። የአሜሪካ መንግሥት በ8 ቦታዎች ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ወላጆች የትዳር ትምህርት አቀረበ፤ በአንዳንዱ ቦታ በስፓኒሽም ይሰጥ ነበር። 6,298 ጥንዶች በዕጣ ተመደቡ፤ ብዙዎቹ ላቲኖ ናቸው። በ2014 የወጣው የመጨረሻ ሪፖርት እንዳሳየው ከ30 ወር በኋላ የግንኙነታቸው ጥራት በመጠኑ ተሻሽሏል፤ አብሮ በመቆየት ረገድ ግን ልዩነት አልታየም። ይህ በቡድን የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ አንድ ጥንድ ከባለሙያ ጋር ከሚቀመጥበት ሕክምና ይለያል። ጠቡ ለከረረበት ቤት ትምህርት ብቻውን ሊያንስ ይችላል።

📌 እኛስ ከዚህ ምን እንያዝ?

1. የጥንዶች ምክር ይረዳል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። «አልሆነልንም» ማለት ጥፋተኛ ናችሁ ማለት አይደለም።

2. ቶሎ ሂዱ። ፍቺ ደጃፍ እስኪደርስ አትጠብቁ።

3. ሽምግልና የራሱ ቦታ አለው። ሽማግሌ የሚያስታርቀው ብዙውን ጊዜ የተፈጠረውን ጠብ ነው፤ ባለሙያ የሚያየው ጠቡ ለምን እንደሚደጋገም ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

4. የምትኖሩት በውጭ ከሆነ በቋንቋችሁ የሚሠራ ባለሙያ ወይም የሠለጠነ አስተርጓሚ ጠይቁ። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ የጤና ተቋማት አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለባቸው። መጠየቅ ነውር አይደለም።

5. ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። የእናቱን ዕንባና የአባቱን ቁጣ በአንደበቱ የሚያመላልስ ልጅ ከአቅሙ በላይ ይሸከማል። በአሜሪካ ሕጉም ከ2016 ጀምሮ ከድንገተኛ አደጋ በስተቀር ሕፃናትን በአስተርጓሚነት መጠቀም ይከለክላል።

6. ⚠️ ዱላ፣ ማስፈራራት ወይም ማስገደድ ካለ የጥንዶች ምክር የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም። የ2004ቱ ጥናትም ከባድ ድብደባ ያለባቸውን ጥንዶች አላስገባም። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው የሚፈራውን እውነት መናገር አይችልም፤ ከተናገረም ቤት ሲገባ ዋጋ ሊከፍል ይችላል። በዚህ ጊዜ ቀዳሚው የራስና የልጆች ደኅንነት ነው። ለሐኪማችሁ ብቻችሁን ሆናችሁ ንገሩ።

ከ1930 እስከ ዛሬ ባለው ታሪክ «ምክር ይረዳል?» የሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ ያገኘው «ማንን?» እና «በየትኛው ቋንቋ?» የሚሉት ሲጨመሩበት ነው። እናንተም ወደ አማካሪ ስትሄዱ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዛችሁ ሂዱ። «ከእኛ ዓይነት ቤተሰብ ጋር ሠርተው ያውቃሉ? በቋንቋችን መነጋገር እንችላለን?» ብላችሁ ብትጠይቁ ጥሩ ባለሙያ አይቀየማችሁም።

ጽሑፉ ይጠቅመዋል ለምትሉት ወዳጅ አጋሩት። የግል ጉዳያችሁን ግን በአስተያየት መስጫው ላይ አትጻፉ፤ ለሐኪማችሁ አቆዩት።

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።