መብራት ሲጠፋ ዛፉ የት ይሄዳል?

ሰባት ቤት የቆጠረ ሰው የዘር ሐረግ ምን እንደሚመስል ያውቃል። አያት ልጆች አሉት፣ ልጆቹም ልጆች አሏቸው። ኮምፒውተር ውስጥም ብዙ ነገር የሚቀመጠው እንዲሁ ነው፤ ፎልደር በፎልደር ውስጥ፣ መልስ በአስተያየት ስር። ባለሙያዎች "ዛፍ" ይሉታል።

ዛፉን መትከል አይከብድም። ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1960 ሊስፕ ስለተባለው ቋንቋ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ዝርዝርን በዝርዝር ውስጥ በቅንፍ እየከተቱ መጻፍ እንደሚቻል አሳይቷል። ዛሬ በፓይተን ጥቂት መስመር ይበቃል። ችግሩ ሌላ ነው፤ ዛፉ ያለው ሜሞሪ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ፋይል ላይ መቀመጥ አለበት። ግን በምን መልክ?

ፓይተን "ፒክል" የሚባል የራሱ ማሸጊያ አለው። ከሞላ ጎደል ሁሉንም እንዳለ ያሽጋል። ነገር ግን የተሠራው ለፓይተን ብቻ ነው። ይባስ ብሎ፣ ከማይታመን ሰው የመጣ ፒክል ሲከፈት የተደበቀ ትእዛዝ ሊያስፈጽም ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2001 ዳግላስ ክሮክፎርድና ባልደረቦቹ ሌላ መንገድ ያዙ። ጃቫስክሪፕት ዛፍ የሚጽፍበትን አጻጻፍ ራሱን ማስቀመጫ አደረጉት። ጄሰን የምንለው ይህ ነው። ክሮክፎርድ አገኘሁት እንጂ ፈጠርኩት አይልም።

ጄሰን ድሃ ነው። ለቀን የተለየ ዓይነት የለውም። ማስታወሻ መጻፊያም የለውም። ልጁ ተመልሶ አባቱን ከጠቆመ ማሽከርከር ስለሚሆን አይቀበለውም፤ ከአያት ወደ ታች ብቻ ይወርዳል። እኔ ግን ዕድሜ የሰጠው ይኸው ድህነቱ ነው እላለሁ። ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ማንኛውም ቋንቋ ያነበዋል፣ ሰውም በዓይኑ ያነበዋል።

ለእኛ አንድ ጥንቃቄ አለ። ፓይተን ጄሰን ሲጽፍ፣ ተው ካልተባለ በቀር የአማርኛውን ፊደል ወደ ቁጥር ኮድ ይቀይረዋል። ዳታው አይጠፋም፤ ፋይሉን የከፈተ ሰው ግን "ሀ"ን አያገኛትም። በአንዲት ቃል ትእዛዝ ይስተካከላል፤ ያንን ማወቅ ግን የእኛ ፋንታ ነው።

ይህን የምጽፈው ለፕሮግራመሮች ብቻ አይደለም። ስንት የአማርኛ ጽሑፍ እንዲህ ባሉ ቻናሎች ላይ ብቻ እንዳለ አስቡት። ቻናሉ የተዘጋ ቀን ምን ይቀራል? በኮምፒውተር የሚሠራው ቴሌግራም የመልእክት ታሪክን በጄሰን ለማውረድ ይፈቅዳል። ዛሬ ማታ አውርዱት። ለልጅ የሚተርፈው ሌላ ሰው ሊከፍተው የሚችለው ብቻ ነው።