ጋፋት፦ ከመድፉ እስከ ኮምፒዩተሩ

በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን «ጋፋት» ብሎታል። ስሙ ለጆሮ ደስ ይላል። ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ መጥቶ ኮምፒዩተር ፊት የሚቀመጠው ወጣት ግን ከስሙ ጋር ምን እንደተረከበ ያውቅ ይሆን?

ጋፋት ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብሎ የሚገኝ፣ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበት ሥፍራ ነው። ቫልድማየርና ጓደኞቹ የመጡት ወንጌል ሊሰብኩ እንጂ መድፍ ሊሠሩ አልነበረም። ንጉሡ አዘዙ፤ ሞከሩ፣ አልሆነም፤ ደግመው ሞከሩ፣ ሆነ። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. በጋይንት በኩል ጨጨሆን አልፎ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ንጉሡ ሞቱ፤ ባለሙያዎቹም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። መድፉ ቀረ፣ ሙያው ሄደ።

ኮምፒዩተርም በጭነት መኪና ይመጣል፤ ሙያው ግን አብሮት አይጫንም። ፊደላችንን እንኳ ማሽኑ ውስጥ ለማስገባት መጀመሪያ የደከሙት ሻጮቹ ሳይሆኑ እነ ፍስሐ አትላውን የመሰሉ የአገር ልጆች ናቸው፤ ዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ግዕዝን የተቀበለው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው።

ስለዚህ የትም ይሁን የት፣ ስለ አንድ የኮምፒዩተር ክፍል ሲወራ የማሽኑ ብዛት እምብዛም አይገርመኝም። የተበላሸውን የሚፈታው ማነው? ተማሪው ነው ወይስ ከአዲስ አበባ የሚጠበቅ ባለሙያ? ወይስ «ንብረት ነው፣ አትንኩ» ተብሎ ተቆልፎበታል?

ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ነው።