የጦር ሜዳ በጠረጴዛ ላይ

በቼዝ ሰሌዳ ላይ ኮረብታ የለም። ወንዝም ጫካም የለም። ስድሳ አራቱ ቤቶች እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ተጫዋቾች የሚያዩት አንድ ዓይነት ነገር ነው። ጨዋታው የጦርነት አምሳያ ነው ቢባልም፣ ከጦር ሜዳ የዋለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዋናው ነገር ይጎድለዋል፤ ይኸውም መሬቱ ነው።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ከሞከሩት አንዱ የሙያ ባልደረባችን ነበር። ዮሐን ሄልቪግ በጀርመን አገር በብራውንሽቫይግ ከተማ የሒሳብ መምህር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1780 ባሳተመው ጨዋታ የቼዝን ሰሌዳ እጅግ አስፍቶ ቤቶቹን እንደ መሬቱ ዓይነት በቀለም ለያቸው። ተራራው፣ ውሃው፣ ረግረጉ የየራሱ ቀለም ነበረው። ዓላማውም ወደፊት መኮንን የሚሆኑትን የመኳንንት ልጆች ማስተማር ነበር። ሆኖም መሬት በአራት ማዕዘን ተቆራርጦ አይገኝም፤ ወንዝም እንደ ሰሌዳ መስመር አይታጠፍም።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ የፕሩሲያው ጌኦርግ ሌኦፖልድ ፎን ራይስቪትስ ጦሩን በቤት ቁጥር ማንቀሳቀሱን ትቶ በልኬት አደረገው። መጀመሪያ መሬቱን የሠራው በአሸዋ ነበር። ለንጉሥ የሚቀርብ ዕቃ ግን አሸዋ ሊሆን አይገባምና፣ በ1812 ለንጉሥ ፍሪድሪክ ቪልሄልም ሣልሳዊ ያቀረበው ኮረብታና ሸለቆ የተቀረጸባቸው፣ እየተነሡ የሚገጣጠሙ የጄሶ ቁርጥራጮች የያዘ ጠረጴዛ ነበር። ዕቃው ያማረ ነበር፤ ግን ንጉሥ ያልሆነ ሰው ከየት ያገኘዋል?

ትልቁን እርምጃ የወሰደው የመድፈኛ መኮንን የነበረው ልጁ ነው። በ1824 ባወጣው ደንብ ጄሶውን ትቶ በ1፡8000 መጠን የተነሣ ካርታ ተጠቀመ። በካርታው ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር በመሬት ላይ 80 ሜትር ነው ማለት ነው። እያንዳንዱ ተራ የሁለት ደቂቃ ውጊያ ሆኖ ይቆጠራል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዳኛ መሾሙ ነው። ተጫዋቾቹ ትእዛዛቸውን ለዳኛው ይሰጣሉ፤ ዳኛውም በካርታው ላይ የሚያስቀምጠው ተቃራኒው ወገን ሊያየው የሚችለውን ጦር ብቻ ነው። ከኮረብታ ጀርባ ያለ ጦር አይታይም። ስለዚህ ኮረብታ እርምጃን ከማዘግየት አልፎ የሚሸሽግ ነገር ሆነ። የጠቅላይ መምሪያው ሹም ጄኔራል ፎን ሙፍሊንግ መጀመሪያ በቸልታ ተመልክቶት፣ ጨዋታው እየገፋ ሲሄድ ግን ተማርኮ ለጦሩ እንዲዳረስ ረዳው።

እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በ1913 ባሳተመው የአሻንጉሊት ወታደሮች ጨዋታ ጦር ሜዳውን ወደ ቤት ወለል አወረደው። በደንቡ መሠረት አንዱ ተጫዋች አገሩን ያዘጋጃል፤ ከየትኛው ወገን እንደሚዋጋ የሚመርጠው ግን ሌላው ነው። አንዱ ልጅ ዳቦውን ቆርሶ ሌላው እንዲመርጥ እንደ ማድረግ ነው። በእኛ አስተያየት ከዚህ የተሻለ የፍርድ ደንብ በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ አይገኝም። ዌልስ እውነተኛውን ጦርነት ሞኝነት ነው ብሎ በዚያው መጽሐፍ ጽፏል፤ በዓመቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ።

የ1824ቱ ዳኛ ዘመናዊ ወራሽ ያገኘው በአሜሪካ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ባወጡት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በተባለው ጨዋታ ተጫዋቹ ጦር አይመራም፤ አንድ ሰው ሆኖ ይገባል። ዳኛው ዋሻውንና ክፍሎቹን በባለ ካሬ ወረቀት ሥሎ ይደብቃል፤ ተጫዋቾች የሚያውቁት ችቧቸው የሚያበራላቸውን ያህል ነው። እዚህ ላይ የመሬቱ አሠራር ጨዋታውን ይወስነዋል። ባዶ ክፍል ውስጥ የሚደረግ ውጊያ ዳይስ ከመወርወር አያልፍም። በክፍሉ መካከል ገደል ይኑር፤ በላዩ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ሳንቃ ይጋደም፤ ከወዲያ ማዶ በከፍታ ላይ ቀስተኛ ይቁም። አሁን መሻገር ወይስ መዞር? ማን ይቅደም? ጠባብ መተላለፊያ ላይ ሦስት ሰዎች ሠላሳውን ሊያግዱ ይችላሉ፤ ከሠላሳው ፊት ለፊት የሚደርሱት ሁለት ሦስቱ ብቻ ናቸውና። ዳኛው ቦታውን ሲሥል መውጫ አንድ ብቻ ካደረገ ግን ምርጫ አልሰጠም፤ ወጥመድ ሠራ እንጂ።

ይህ ለታሪክ ክፍለ ጊዜ ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ቢኖር ዓድዋን እንውሰድ። የኢጣልያ ጦር የካቲት 22 ቀን 1888 ዓ.ም. ሌሊቱን በአራት ብርጌድ ተከፍሎ ሲንቀሳቀስ ባራቲዬሪ የሰጠው ንድፍ ካርታ የኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ ያለ ቦታው ያመለክት ነበር። አልበርቶኔ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ገና ወደፊት መሆኑን ከመንገድ መሪዎቹ ሰምቶ ቀጠለ፤ ከሌሎቹም ብዙ ኪሎ ሜትር ተለየ። ተራሮቹ በመካከል ገብተው ስለ ነበር ብርጌዶቹ መረዳዳት አልቻሉም። በነጋታው የሆነውን ተማሪዎቻችን ያውቁታል፤ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀስት ብቻ ሲሣል ግን የአልበርቶኔ ጉዞ ተራ ስንፍና ይመስላቸዋል።

ስለዚህ አሸዋ፣ ጭቃና ጥቂት ድንጋይ ይበቃል። ተራሮቹ ከመጋረጃ ጀርባ በጠረጴዛ ላይ ይሠሩ፤ ዳኛው መምህሩ ይሁን። ተማሪዎቹ በሁለት ወገን ተከፍለው ትእዛዛቸውን በጽሑፍ ያቅርቡ። ለኢትዮጵያ ወገን አገሩን የሚያውቅ ሰው የሚያውቀው ሁሉ ይነገር። ለኢጣልያ ወገን በሚሰጠው ወረቀት ላይ ግን የኪዳነ ምሕረት ስም ከቦታው ወደ ኋላ ተጽፎ ይገኝ፤ ኮረብታው የቱ ነው ብለው ሲጠይቁም መምህሩ ወረቀታቸውን ያሳያቸው።