የሙሽራዋን ፎቶ ማን ያንሳ? ከካሜራው ጀርባ ያለ የቆየ ታሪክ

ሠርግ ሲደርስ አዳራሹ፣ ምግቡ፣ የሙሽራዋ ልብስ በቤተሰብ ተመክሮበት ነው የሚያዘው። ፎቶ አንሺው ግን ብዙ ጊዜ በመጨረሻ፣ ያውም በዋጋውና በሚያሳየው አልበም ብቻ ይመረጣል። በሴቶቹ በኩል ካሜራ ይዞ የሚገባው ማነው የሚለው ጥያቄ ትዝ የሚለን እህቶች ሒጃባቸውን አውልቀው ድቤው ከደመቀ በኋላ ነው። ጉዳዩ የስልክና የቲክቶክ ዘመን ያመጣው ይመስለናል እንጂ ከካሜራ ጋር እኩል ዕድሜ ያለው ነው።

ፎቶ የማንሳት ጥበብ በፓሪስ ይፋ የተደረገው እ.ኤ.አ. በኦገስት 1839 ነው። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በኖቬምበር፣ ሁለት ፈረንሳውያን መሣሪያውን ይዘው እስክንድርያ ደርሰው ነበር። እዚያ ካነሷቸው ፎቶዎች አንዱ የግብጹ ገዢ ሙሐመድ ዐሊ ፓሻ በራስ አት-ቲን ቤተ መንግሥት የነበራቸውን የሴቶች መኖሪያ ያሳያል። የሚያሳየው ግን ከውጭ ነው። በአፍሪካ ምድር ከተነሱት የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች የሚቆጠረው ይህ ምስል የያዘው ሕንፃውን ነው፤ ነዋሪዎቹን አይደለም።

ከዚያ በኋላ በኢስታንቡል ፎቶ ቤቶች በዙ። ስመ ጥር ከነበሩት መካከል የሱልጣኑ ፎቶ አንሺ እስከመሆን የደረሱት አርመናውያኑ የአብዱላህ ወንድማማቾች ይገኙበታል። ዑለማዎችም ስለ ፎቶ መከራከራቸው አልቀረም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የግብጽ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ፣ ፎቶ ጥላን ይዞ ማስቀረት እንጂ አዲስ ነገር መቅረጽ አይደለም በሚል እንደሚፈቀድ ጽፈዋል። ሌሎች ዑለማዎች አልተስማሙም፤ ክርክሩ ዛሬም አለ። ፎቶ ይፈቀዳል ላለውም ቢሆን ግን ሌላው ጥያቄ ባለበት ቀረ፦ ያልተሸፈነችውን ሴት የሚያነሳት ማነው? ፎቶውንስ ማን ያየዋል?

ለዚህ ጥያቄ በተግባር መልስ ከሰጡት አንዷ ናጂዬ ሐኒም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1881 በስኮፕዬ ተወለዱ፤ ባለቤታቸው የዑስማንያ ጦር መኮንን ነበር። በ1919 በኢስታንቡል፣ የልዲዝ በተባለው ሰፈር፣ ከሚኖሩበት ቤት ጣሪያ ሥር ፎቶ ቤት ከፈቱ። በራፉ ላይ የሰቀሉት ጽሑፍ የቱርክ ሴቶች ፎቶ ቤት መሆኑን ከነስማቸው የሚናገር ነበር። ከተማዋ በጦርነት ተሸንፋ በባዕድ ወታደሮች ሥር በነበረችበት በዚያ ጊዜ አንዲት ሙስሊም ሴት የራሷን ታፔላ መስቀሏ ቀላል ነገር አልነበረም። ከደንበኞቻቸው መካከል ጦር ሜዳ ላሉ ባሎቻቸው ፎቶ የሚልኩ ሴቶች እንደነበሩ ይነገራል። እንዲህ ያለው ፎቶ ለአንድ ሰው ዓይን ብቻ የተነሳ ነው፤ የሙሽራ ፎቶም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው።

በዚያው ዘመን በፍልስጤም ከሪማ ዐቡድ የተባሉ የፓስተር ልጅ እየተዘዋወሩ ቤተሰቦችን በየቤታቸው ያነሱ ነበር። በፎቶዎቻቸው ላይ የሚያሳርፉት ማኅተም አንሺዋ ሴት መሆኗን በግልጽ ይናገራል። ክርስቲያን ናቸው፤ ግን ሴት ፎቶ አንሺ መፈለግ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ስለሚያሳዩ ማንሳታችን አልቀረም።

ያኔ ማንሳቱም ማጠቡም ብዙውን ጊዜ በአንድ ጣሪያ ሥር ነበር። ስለዚህ የአንሺዋን ማንነት ማወቅ ፎቶውን ማን እንዳየው ለማወቅ ይጠጋ ነበር። ዛሬ ይህ ተለያይቷል። ሴት ፎቶ አንሺ ቀጥረናል ብለን እፎይ እንላለን፤ ፎቶውን በኮምፒውተር የሚያስተካክለው ግን ወንድ ሊሆን ይችላል፤ አልበሙን የሚያሳትመው ደግሞ ሌላ ሰው። እኛ እንደምናየው ትልቁ ክፍተት እዚህ ላይ ነው፤ አዳራሽ በር ላይ ቆሞ ወንድ እንዳይገባ መጠበቅ ብቻውን አይደፍነውም።

ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችን በፊት አንሺዋን በግልጽ እንጠይቃት፦ ከሴቶቹ በኩል የተነሳውን ማን ያስተካክለዋል? ሜሞሪ ካርዱ ሥራው ሲያልቅ ለማን ይሰጣል? ኮፒው ከስንት ጊዜ በኋላ ይጠፋል? ፎቶው ለሥራዋ ማስታወቂያ እንዳይወጣም ውሉ ላይ በጽሑፍ ይግባ። ይህ ለሙሽራዋ ብቻ አይደለም፤ ተጠርተው የመጡት እንግዶች ውሉን አልፈረሙም፤ ፎቷቸው ግን እዚያው ካርድ ውስጥ ነው።