ስሙ የተለዋወጠው ሕሙም

ከሶሎሎም ሆነ ከሞያሌ የሚነሣ ሪፈራል ደረጃ በደረጃ ወጥቶ በመጨረሻ የሚደርሰው ናይሮቢ ከሚገኘው ኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1901 በ40 አልጋዎች ተከፈተ፤ በ1952 የንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛን ስም ያዘ፤ ከነፃነት በኋላም ኬንያታ ተባለ። የስም መለዋወጥ ሕንፃን አይጎዳም፤ በሕሙም ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2018 ሁለት ራሳቸውን የሳቱ ወንዶች በዚሁ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። አንደኛው በአንጎሉ ውስጥ ለረጋ ደም ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ሁለተኛው ግን ያለ ቀዶ ጥገና የሚታከም እብጠት ብቻ ነበረበት። የስም ልጥፋቸው ተቀያየረና ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሁለተኛው ገባ። የራስ ቅሉ ተከፍቶ ሥራው ለሰዓታት ከቀጠለ በኋላ የተፈለገው የረጋ ደም ታጣ፤ ስሕተቱ የታወቀውም ያኔ ነው። ሆስፒታሉ ሕሙሙ በማገገም ላይ መሆኑን ገለጸ።

ቅጣቱ ከምርመራው ቀደመ። በሥልጠና ላይ የነበረው ቀዶ ሐኪም፣ የሰመመን ባለሙያውና ሁለት ነርሶች ከሥራ ታገዱ፤ የጤና ሚኒስትሯ ሲሲሊ ካሪዩኪም ዋና ሥራ አስፈጻሚዋን ሊሊ ኮሮስን የግዳጅ ፈቃድ አስወጡ። የሙያ ባልደረቦች ተቃውሞ አሰሙ። ጉዳዩ በፕሮፌሰር ጆርጅ ማጎሃ ይመራ ወደነበረው የሐኪሞች ቦርድና ወደ ፓርላማው የጤና ኮሚቴ የደረሰው በዚህ መካከል ነበር። ጥያቄውም «ማን አጠፋ?» ከሚለው አልፎ «ልጥፉን ከክፍል እስከ ክፍል ማን ሊያጣራው ይገባ ነበር?» ወደሚለው መዞር ነበረበት።

እንግሊዞች ይህን በብሪስቶል ተምረውታል፤ ትምህርቱ ግን ውድ ነበር። በዚያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 በልብ ቀዶ ሕክምና የሞቱት ከአንድ ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ከሚጠበቀው በ30 እስከ 35 ይበልጡ ነበር። የሰመመን ሐኪሙ ስቲቨን ቦልሲን አስቀድሞ ቢያስጠነቅቅም ሰሚ አጥቶ በኋላ ወደ አውስትራሊያ ሄደ። በኢያን ኬኔዲ የተመራው አጣሪ ጉባኤ በ2001 ባወጣው ዘገባ 198 ምክረ ሐሳቦችን አቀረበ፤ ክፉ ሰዎችን ከማደን ይልቅ የአሠራሩን ብልሽት ገለጠ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና መጠይቅ የሚጀምረው ሕሙሙ ማንነቱን እንዲያረጋግጥ በመጠየቅ ነው። በስምንት ከተሞች፣ ከነዚህም አንዷ የታንዛኒያዋ ኢፋካራ ስትሆን፣ ሲሞከር የሟቾች ቁጥር ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ወርዷል። ራሱን የሳተ ሰው ግን አይመልስም፤ ስለ እርሱ የሚናገረው በእጁ ላይ የታሰረው ልጥፍ ብቻ ነው።